ዘጠኝ ኪሎ እንቅልፍ

ፖስተኛው በረዶውን እየረገጠ መጥቶ፣
ካርቶኑን ከደጃፍ እንደ እምቢተኛ ጥጃ ጎትቶ፣
«ድንጋይ ነው?» አለና ወገቡን ያዘ።
«እንቅልፍ ነው» አልኩት፣ «በፖስታ የታዘዘ።»

አባቴ ኤይቪን ጠላቂ ነበረ፣
በሰሜን ባሕር ወለል ቧንቧ ሲበይድ የኖረ።
ሃያ ስምንት ቀን፣ ከአምስት ጓዶቹ ጋር፣
በብረት ክፍል ታሽጎ ሲያድር፣
አልጋው መርከብ ላይ፣ አየሩ ግን የመቶ ሜትር ባሕር፣
ድምፁ በሂሊየም ቀጥኖ እንደ ጫጩት ሲያወራ፣
ከውጭ አንድ ሰው ሌሊቱን በተራ
በክብ መስኮት እያየ ትንፋሹን ሲቆጥርለት፣
ጭልጥ ብሎ ይሄድ ነበር፤ እንቅልፍ መች ቸግሮት።

ጡረታ ወጣ። እንቅልፉ እዚያው ቀረ።
ሃውገሱንድ፣ ከወደቡ በላይ፣ በቢጫው ቤታችን ውስጥ
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደረጃው ሲንቋቋ፣ ሲያቃስት፣
«አባባ ነው» እላለሁ፤ ትራሴን ገልብጬ እተኛለሁ።
እንዳልሰማው ብሎ በካልሲ ነው የሚሄደው።
እሰማዋለሁ።

ሐኪሟ እንክብል ሰጠችው፤ አፉን አደረቀው እንጂ አላስተኛውም።
ወዳጁ ኦድቫር ትኩስ ወተት በማር መከረው፤ ያም አልሆነም።
ነገሩን ያመጣችው ራግንፍሪድ ናት፣ የሆስፒታሉ ባለሙያ፤
ሁለት መዳፏን ትከሻው ላይ አሳርፋ፣ ጫን አድርጋ ይዛ፣
«አሁንስ?» አለችው።
ዝም አለ። ጉልበቱ መንቀጥቀጡን ተወ።
«ሰውነት ዳርቻውን ካላወቀ አያርፍም፤
ሕፃን የሚጠቀለለው ለብርድ ብቻ አይደለም።»
«እኔ ሕፃን አይደለሁም!»
«አይደሉም» አለች፤ መዳፏን ግን አላነሣችም።

ብርድ ልብሱን ዘረጋነው። በየካሬው የተሰፋ የመስታወት ጠጠር፣
እንደ ደረቅ አሸዋ የሚንሾካሾክ፣ የደቀቀ ነገር።
አባቴ ግን መጀመሪያ የዓሣ ሚዛኑን አመጣ፤
መንጠቆው ላይ ሰቀለው፤ መነጽሩን አወጣ፤
«ስምንት ከሰባት መቶ! ዘጠኝ ብለው ሸጡልሽ፣
ሦስት መቶ ግራም እንቅልፍ ሰረቁሽ!»
ከመረብ ሣጥኑ የማጥለቂያ እርሳስ መልቀም ጀመረ፤
በወፍራም ክር፣ በዚያ በደነደነ ጣቱ፣ ከግርጌው ጥግ ሰፍቶ አሰረ።
መዘነው። ሞላ።

የመጀመሪያው ሌሊት አሽቀንጥሮ ጣለው።
«ባሕር እንዲህ አይደለም» አለኝ በማግሥቱ። «ባሕር ከሁሉም ወገን ነው፤
ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን እኩል ስለሚጫን
ሰው መጫኑን አያውቀውም።
ይሄ ግን ከላይ ብቻ ነው፣ እንደ ዕዳ።»
እውነቱን ነው፤ ለደከመ ሰው ሸክም ጨምሮ «እረፍ» ማለት
ለእኔም ግራ ነበር። ልመልሰው ብዬ ላጥፈው ስል
ወገቤን ያዘኝ፤ ተውኩት።

በአራተኛው ሌሊት ነቃሁ። ዘጠኝ ሰዓት።
ደረጃው ዝም። ኮሪደሩ ዝም።
የለመድኩት ኮቴ ሲጠፋ ልቤ ነው የመታ፤
ባትሪ ይዤ ሄድኩ፤ በሩን ከፈትኩ በቀስታ።

በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹን ከታች ሸሽጎ፣ እስከ አገጩ ተጭኖት፣
አየር ሲስብ ጠጠሩ ሽሽሽ፣ ሲያስወጣ መልሶ ሽሽሽ፣
ማዕበል ከጠጠራማ ዳርቻ ሲመለስ እንደሚለው።
ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።
የባትሪው ብርሃን ግድግዳው ላይ ክብ ሆኖ አርፏል።

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በቀጭን፣ በሩቅ ድምፅ፣
«ተረኛው ማነው?» አለ።
«እኔ ነኝ።»
«ስንት ሜትር ላይ ነን?»
የሚባለውን አላውቅም። «ዘጠኝ» አልኩት።
«ጥልቅ አይደለም» አለ፤ የሳቀም መሰለኝ፤
ግርጌ ያለው እርሳስ ከአልጋው እንጨት ጋር ቋ አለ፤
ወደ ግድግዳው ዞሮ ቀጠለ።

ወንበር ሳብኩ። ባትሪውን አጠፋሁ።
ሊነጋ ገና ነበር፤ በታኅሣሥ፣ እዚህ አገር፣
ሊነጋ ሁልጊዜ ገና ነው።